የቦጉሚልን ቁጥር ማን ሰቀለው

ውድ ሪሻርድ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። በባሕሩ ዳርቻ ማረፊያ ቤት ተጋድመህ ለሳንባህ ጥሩ አየር እየሳብክ ስለሆነ ለማንበብ ጊዜ አታጣም። ትናንት ደውለህ «ቤት እንዴት ነው? አበባዎቹን ታጠጫለሽ?» ስትለኝ «ደህና ነው» ብዬ ዘጋሁ። በስልክ ብነግርህ ታቋርጠኛለህ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ስታቋርጠኝ ኖረሃል፤ ዛሬ እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለህ ታነባለህ።

ባለፈው ሐሙስ የጨው ማዕድኑ ውስጥ ገባሁ። አዎ፣ እኔ። ከደጃችን እስከ ጉድጓዱ አፍ የሰባት ደቂቃ መንገድ ነው፤ እኔ ግን የወረድኩት ገና በሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ልጅ ሳለሁ ሴት ከወረደች ገደ ቢስ ነው ይሉ ነበር። ቱሪስት መምጣት ሲጀምር ገዱም ተረሳ፣ ሴቱም ወንዱም መግቢያ እየቆረጠ ገባ። ከዚያ በኋላ ያስቀረኸኝ አንተ ነህ። እንሂድ ባልኩህ ቁጥር «ምን ሊታይ? ድንጋይ ነው። ሠላሳ ዓመት ያየሁት እኔ ጠግቤዋለሁ፣ አንቺ ምን ልታገኚ?» ትለኝ ነበር። እኔ ሞኟ፣ የመጀመሪያ ባሌ ቦጉሚል የሞተበትን ቦታ እንዳላይ አዝነህልኝ መስሎኝ በልቤ አመሰግንህ ነበር።

የጡረተኞች ማኅበሩ የአንድ ቀን ጉብኝት አዘጋጅቶ፣ ጎረቤታችን ቼስዋቫ ሳትጠይቀኝ ስሜን አስመዘገበች። «ባልሽ በሌለበት ትንሽ ተንቀሳቀሺ፣ ሲያልቅ ቋሊማ ጥብስ አለ» አለችኝ። ለቋሊማው ብዬ ሄድኩ።

እንዴት ያለ ጉድ መሰለህ። ደረታችን ላይ እንደ ሻንጣ ቢጫ ወረቀት ለጠፉብን። ጆሯችን ውስጥ ማዳመጫ ወተፉ። አስጎብኚያችን ኮርኔሊያ የምትባል ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት፤ ከላይ የማዕድን ሠራተኛ የክብር ልብስ በነሐስ ቁልፍ፣ ከታች የስፖርት ጫማ። በእንጨቱ ደረጃ ከመውረዳችን በፊት «እዚህ ደህና ዋላችሁ አይባልም። እግዚአብሔር ይርዳችሁ ነው የሚባለው» ብላ እንደ ሕፃናት ደጋግማ አስባለችን። ከመካከላችን አሥራ አንዱ እድሜያቸውን እዚያው ውስጥ የፈጁ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ከእኛ ጋር ደገሙላት።

ከእኛ ጋር የተቀላቀሉ እንግዶችም ነበሩ። አንዱ ቁምጣ የለበሰ ሰውዬ ግድግዳውን ይልሳል፣ ሚስቱ ፎቶ ታነሳዋለች፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ቦጉሚል ያንን ጨው ከአንገቱ ሥር ለማስለቀቅ ስንት ጊዜ ይታጠብ እንደነበር ትዝ አለኝ። ታች ሱቅ ከፍተው የጨው መብራት ይሸጣሉ፣ ሻጩ «ለአስም፣ ለእንቅልፍ፣ ለትዳር ሰላም» እያለ ይጮኻል። ለትዳር ሰላም የሚለውን እኔ አልጨመርኩም።

ቁምጣ ለባሹ እየላሰ ማፏጨት ሲጀምር ከኋላዬ «ሰውዬ፣ አፍህን ያዝ። ማዕድን ውስጥ አይፏጭም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ጋሼ ቫለንቲ ናቸው። ታውቃቸዋለህ፣ ማንም ከአንተ በላይ አያውቃቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከላይ በመብራት ክፍሉ መስኮት ተቀምጠው ለሚወርደው መብራት ሲያድሉና የቁጥር ሰሌዳውን ሲጠብቁ የኖሩት ሰው። ዛሬ ሰማንያ ስድስት ደፍነው በሁለት ከዘራ ይሄዳሉ።

ከዚያ እሷ ጋ ደረስን። ከጨው የተቀረጸችው ሴትዮ ጋ። ባልዲ ተሸክማ አንድ ትከሻዋ ዘቅዝቋል። የእኔ ትከሻ ነው፤ ቦጉሚል ሲያሾፍብኝ የኖረበት ትከሻ። ከፈረቃ በኋላ እየቆየ እንደሚቀርጸኝ ነግሮኝ ነበር እንጂ አይቼው አላውቅም። አፍንጫዋ የለም። «አፍንጫዋን የነካ በፍቅር ይቀናዋል» ስለተባለ ሕዝቡ አሽቶ አሽቶ ጨርሶታል። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ።

ኮርኔሊያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። «ይህን የቀረጸው ቦጉሚል የሚባል ቆፋሪ ነው። ከአርባ አራት ዓመት በፊት፣ አንድ ዓርብ፣ ፈረቃው አልቆ ወጣ፣ መውጣቱን የሚያሳየውን ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ሰቀለ። ግን ይህችን ሴት መተው አቃተው። ለማንም ሳይናገር ተደብቆ ተመልሶ ወረደ። ጣራው ተደርምሶ ሁለቱን አብሮ አስቀራቸው» አለች።

«ሚስት አልነበረችውም እንዴ?» አለ ቁምጣ ለባሹ።

«ነበረችው። ግን ይህችኛዋ አትጨቀጭቅም» አለች ኮርኔሊያ፣ ሁሉም ሳቀ። በቀን ስድስት ጊዜ የምትለው ነገር ነው፤ የት ላይ ቆም እንደምትልም ለምዳዋለች። ቼስዋቫ ክንዴን ያዘችኝ። እኔ ግን ልጅቷን አልተቀየምኳትም። ፍቅሩን ጨመረችበት እንጂ ወሬው የመንግሥት ወረቀት ላይ ያለው ነው። «ከሥራ ከወጣ በኋላ ያለፈቃድ ተመልሶ በመግባቱ» ብለው አይደል የጻፉት? በዚህች አንድ መስመር ምክንያት ስሙ ምድር ውስጥ ባለው ጸሎት ቤት ከሚነበበው የማዕድኑ ሟቾች ዝርዝር ቀረ። በየዓመቱ በማዕድን ሠራተኞች ጠባቂ በቅድስት ባርባራ ቀን ጥቁር ላባ ያለው ቆብህን ደፍተህ፣ ያንን ዝርዝር ከፍ ባለ ድምፅ ስታነብ አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነው። እኔም ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በድምፅ ማጉያ እየሰማሁ፣ ስሙ ባይኖርም ባሌ ሲያነብ ያምርበታል እያልኩ እጽናና ነበር።

መጨረሻ ላይ በአሳንሰር አውጥተው የድሮው የመብራት ክፍል አስገቡን። ሰሌዳው እንዳለ ነው፣ ምስማሮቹም። ኮርኔሊያ ለያንዳንዳችን ቁጥር የተቀረጸባት ክብ ቆርቆሮ አደለችን። «ሲወርድ ከሰሌዳው ያነሳል፣ ሲወጣ ይሰቅላል። ባዶ ምስማር ካለ ታች ሰው አለ ማለት ነው። ሁሉም የራሱን፣ በራሱ እጅ» አለች።

«ውሸት ነው» አሉ ጋሼ ቫለንቲ።

«ምኑ ነው ውሸቱ ጋሼ?»

«በራሱ እጅ ያልሽው። እሱ ሕጉ ነው። አውቶቡሱ ማንንም አይጠብቅም ነበር፣ ስለዚህ አንዱ የአራቱንም ይዞ ይመጣና ይሰቅላል፣ ሌሎቹ ታጥበው ይሮጣሉ። ታች ትንሽ መቆየት የፈለገም ቁጥሩን ለጓደኛው ይሰጣል፣ አለቃ እንዳይቆጣው። እኔም አይቼ እንዳላየሁ። ቦጉሚል ወጥቶ የተመለሰ ሰው አይደለም፣ ልጄ። ከጠዋት ጀምሮ አልወጣም። የእሱን ቁጥር የሰቀለው ሪሻርድ ነው፣ ከራሱ ጋር አድርጎ፣ እኔ ፊት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቅርታ ገኖቬፋ፣ የምታውቂውን ነው የማወራብሽ።»

«እኔ ምንም አላውቅም» አልኳቸው።

ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ ሊያስደግፉ ሞክረው ወደቀባቸው። «አልነገረሽም? አግብተሽው የለም እንዴ? ነግሯት፣ አልቅሶላት፣ ይቅር ብላው ነው ያገባችው ነው ያልነው። ከተማው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቀው። ደግ ሴት እያልን ስንት ጊዜ አነሳንሽ።»

ኮርኔሊያ ማይክራፎኗን ማጥፋት ረስታ ነበር። ሠላሳ ሰው የእኔን ትዳር በጆሮው ሰማ። አፈርኩ ሪሻርድ። በአንተ አይደለም፣ በራሴ። ከአንተ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዤ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ሰው ቆብ የሚያነሳልኝ ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ያላደረግኩትን ይቅርታ እያከበሩልኝ ነበር።

አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩና የቀረውን ሁሉ አስነገርኳቸው። መደርመሱ ሲሰማ ፎርማኑ እየሮጠ መጥቶ ሰሌዳውን አየ። አንድም ባዶ ምስማር የለም። «ሁሉም ወጥቷል?» ብሎ ጠየቀ። አንተ እዚያው አግዳሚ ላይ ጫማህን እየፈታህ ነበር። «ሰሌዳው ላይ አለ አይደል» አልክ። ውሸት እንኳ ሙሉውን መዋሸት አልቻልክም። ተጨማሪ እንዳይደረመስ ብለው መተላለፊያውን በእንጨት ዘጉት፣ እስከ ሰኞ። ሰኞ ሲከፍቱት ነው ሬሳውን ያገኙት።

በማግስቱ ቅዳሜ ደግሞ ምን ቀን እንደነበር ላስታውስህ? ማዕድኑ ለሠራተኞቹ የሚያድላቸው የአዲሶቹ ቤቶች ዝርዝር የሚለጠፍበት ቀን። የሌላ ሰው ቁጥር ሰቅሎ የተያዘ ከዝርዝሩ ይሰረዝ ነበር። አንተ አልተሰረዝክም። ሁለት ክፍል፣ ወጥ ቤት፣ በረንዳ። አሁን የምጽፍልህ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሆኜ ነው።

ዓርብ ማታ ወደ እኔ መጥተህ ነበር። የኪያር ሾርባ ሠርቼ ቦጉሚልን እየጠበቅኩ ነበር። «አብረን ወጣን፣ ወደ እናቱ ሄዶ ይሆናል» ብለኸኝ ተቀመጥክ። ሁለት ሳህን በላህ። ሁለተኛውን አንተ ነህ የጠየቅከኝ። እኔ ቅዳሜ በአውቶቡስ እናቱ ጋ፣ እሑድ በእግሬ ዘመድ ቤት ለዘመድ ቤት ስፈልገው ዋልኩ። ሐኪሙ ድንጋይ እንዳልነካውና ቅዳሜ እስከ ቀትር በሕይወት እንደነበረ የጻፈውን አብረን ነው ያነበብነው። ወረቀቱን የያዝክልኝ አንተ ነህ።

የምትለውን አውቀዋለሁ። በሌላኛው ጉድጓድ የወጣ መስሎህ ነበር፤ ልጅ ነበርክ፤ ፈርተህ ነበር። ዓርብ መፍራትህን ልመንህ። ቅዳሜስ? እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣስ? «ታች ሰው አለ» ማለት ሦስት ቃል ነው። እኔን ለጋብቻ ስትለምነኝ ያወራኸውን ወሬ ብታይ፣ ሁለት ዓመት ተኩል አላቆምክም።

አሁን ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ሰው ሁሉ ለሙታኑ ሻማ በሚያበራበት በቅዱሳን ሁሉ ቀን መቃብሩ ላይ ትልቁን ሻማ የምትገዛው አንተ ነበርክ። ሐውልቱን በብሩሽ ስታጥብ ሰው «እንዲህ ያለ ባልንጀራ» ይል ነበር። አንተ ባል ሆነህ አልኖርክም፤ እኔን ንስሐህ አድርገህ ነው የኖርክብኝ። ቄስ ዘንድ ሄዶ መናገር ከብዶህ፣ የሟቹን ሚስት ወስደህ በየክረምቱ ከሰል ስታወጣላት ያካካስክ መሰለህ። አስቂኝ ሰው ነህ። ፈሪ ሰው ይገባኛል፣ እኔም ብዙ ነገር እፈራለሁ። ፈሪ ሆኖ መመስገን የሚወድ ሰው ግን አይገባኝም። እጸየፈዋለሁ።

ወድጄህም ነበር። ከሁሉ የሚያንገሸግሸኝ ይህን መጻፍ ነው።

ጋሼ ቫለንቲንም አልማርኳቸውም። አንድ እጅ ሁለት ቁጥር ሲሰቅል አይቻለሁ ብለው ቢናገሩ መስኮታቸውን ያጡ ነበር፣ ስለዚህ አፋቸውን ያዙ። ግን ሰኞ ዕለት እኔና ኮርኔሊያ በግራና በቀኝ ይዘናቸው የማዕድኑ ጽሕፈት ቤት ድረስ በከዘራቸው መጡ። ጸሐፊዋ «እርግጠኛ ነዎት? በራስዎ ላይ እኮ ነው የሚመሰክሩት» ስትላቸው፣ «ልጄ፣ ብዕሩን ስጪኝ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር» አሏት። ፊርማቸው ከወረቀቱ ሊወጣ ነበር። ኮርኔሊያም ከዚያ ቀን ወዲህ ተረቱን ትታዋለች። ስለ አፍንጫው ግን ምንም ማድረግ አይቻልም።

ስለዚህ ምስክርነትህን አልለምንህም፤ አላስፈለገም። ጽሕፈት ቤቱ ተቀብሎታል። በዚህ ዓመት በቅድስት ባርባራ ቀን «ቦጉሚል ኮሼላ» የሚለው ስም ከሟቾቹ ጋር ይነበባል። በዚያን ቀን እኔ ላይ ሆኜ በድምፅ ማጉያ አልሰማም፤ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። አንባቢው እስካሁን አንተ ነህ። ከመጣህ ስሙን ታነብና፣ ቀጥለህ ቁጥሩን ማን እንደሰቀለው በዚያው ድምፅ ትናገራለህ፤ ላባህን ደፍተህ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ካልመጣህ ሁለቱንም እኔ አነባቸዋለሁ። ለቄሱ ነግሬአቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል።

የደንብ ልብስህን ተኩሼ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። አበባዎቹን ዛሬ ጠዋት አጠጥቻለሁ፣ ከነገ ጀምሮ ግን የሚያጠጣ የለም። ቼስዋቫ የኋላ ክፍሏን ለቃልኛለች፣ ዕቃዬም ሁለት ሻንጣ ብቻ ነው የሆነው። ሌላው ሁሉ ይቅርልህ። ቤቱም ያንተ ነው። በምን እንዳገኘኸው ካወቅኩ ወዲህ ስድስት ሌሊት አደርኩበት፣ አንዱንም አልተኛሁም።

ገኖቬፋ ኮሼላ
የቦጉሚል ሚስት