ለኦፓል ወገብ የተሰጠ ክኒን

ያሳሰረችህ አክስትህ ኦፓል ናት። ልጄ ዌንደል፣ እንደምን ከርመሃል? የኬንታኪ ዝናብ ባቄላዬን አበላሸው እንጂ እኔ ደህና ነኝ። ፒክአፕህን ሽጪው ያልከኝን አልሰማሁም፤ በየጠዋቱ ሞተሩን አስነሳዋለሁ።

ጠበቃህ፣ «ሐኪም ካዘዘለት ክኒን ለሌላ ሰው መስጠቱ፣ ሳንቲም ባይቀበልም፣ በሕግ ዕፅ ማከፋፈል ነው። ወገቧን ሲያማት ለምናው እንደሰጣት ኦፓል ብትመሰክር ግን ፍርዱ ይቀላል» አለኝ።

ሄጄ ነገርኳት።

«እቴ ቨርኒ፣ ልጁ ራሱ ‹አክስቴ፣ ያንቺ ስም አይነሳ› ብሎኛል። ቃሉን ላፍርስ?» አለችኝ።

«የወለድኩት እኔ፣ ምስጢረኛው አንቺ» አልኳት።

ለእኔ እንዲህ ተጨንቀህልኝ አታውቅም። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩትም እኔ ነኝ፤ እሷ አንድ መስመር አልጻፈችልህም።

በዐይነ ሥጋ የሚያገናኘን አምላክ አይራቅህ። ኦፓል ሰላም በይልኝ ብላኛለች። ከእንግዲህ ግን ፍርድ ቤት ቀርባ እስክትመሰክርልህ ድረስ የእሷን ሰላምታ አላደርስልህም።