በሰው ተውኔት የገባች የእናቴ ቃል

ውድ ዶክተር ቲልማን፣

አፈር ከለበሱ ዘጠኝ ዓመት ሆነዎት፤ ይህን ሳልጽፍልዎ ግን እህል አይወርድልኝም። ደስ ብሎኛል፣ ቀልሎኛል።

የአይስላንዱን ጸሐፊ ተውኔት ወደ ጀርመንኛ ሲመልሱ እርስዎ እየተንጎራደዱ ይናገራሉ፣ እኔ በታይፕ እመታለሁ። የዓሣ አጥማጁ ሚስት የባሏን መስጠም ስትሰማ በዋናው ጽሑፍ ዝም ነው የምትለው። እኔ ግን አባቴ ከከሰሉ ጉድጓድ ሳይወጣ የቀረ ዕለት እናቴ የአተር ሾርባው ድስት አጠገብ ቆማ ያለችው ትዝ አለኝ። እሷ «የሠራሁት ለሦስት ሰው ነበር» ነው ያለችው፤ እኔ ግን ዓሣ አጥማጁና ሚስቱ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ሦስቱን ሁለት አድርጌ መታሁት፦ «የሠራሁት ለሁለት ሰው ነበር።» እነግርዎታለሁ ስል ቅጂው ለልምምድ ሄደ።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ያኔ በእኛ በጀርመኖቹ ተውኔት ያሉ ሰዎች መድረክ ላይ ሲያዝኑ እንኳ እንደ ሰባኪ ነበር የሚናገሩት። ወጣት ደራሲዎቻችን «ከአይስላንዳዊው ተማርን» እያሉ ድስቱንም ማንኪያውንም ወደ ተውኔታቸው አስገቡ። ፕሮፌሰሮች ስለዚያች መስመር መጽሐፍ ጻፉ። እርስዎ ሲሸለሙ እኔም አጨበጨብኩ።

አሁን ተዋንያኑ ቃል ሲጠፋቸው ከመጋረጃው ጎን ሹክ የምል ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ እዚሁ ቦኹም ከተማ ቲያትር ቤታችን የዚያኑ ተውኔት አዲስ ትርጉም የመጀመሪያ ንባብ ልናደርግ ጠረጴዛ ከበብን። አዲሷ ተርጓሚ ቪብከ፣ «ያቺ መስመር እኮ በዋናው የለችም» አለች።

አዘጋጁ ሳቀ። «አይ ሽማግሌው ቲልማን! የራሱን ቃል በባዕድ ስም ሸጠልን በሉኛ! አጭበርባሪ!»

ስምዎ ሲጎድፍ አልቻልኩም። ተነሣሁ።

«አፍህን ሰብስብ! እሳቸው ምን በወጣቸው? እኔ ነኝ የጻፍኩት። የእናቴ ቃል ነው።»

ዋናዋ ተዋናይት፣ የዓሣ አጥማጁን ሚስት የምትጫወተው ዶርተ ጠረጴዛውን መታች። «እንኳን ጻፍሽው የኔ እናት! እሷን መስመር የሚያወጣ ካለ እኔም አብሬ ወጣሁ!»

ቪብከ ግን እርስዎ ከመታተሙ በፊት ያረሙትን የድሮውን የማተሚያ ቤት ረቂቅ ከቦርሳዋ አወጣች። «እና ዶክተሩ 'ጉ.' የሚሏት እርስዎ ነዎት? ማን ትሆን እያልኩ ስፈልግ ከረምኩ እኮ!»

በገጹ ዳር፣ በዚያ ጉንዳን በሚያክል ጽሕፈትዎ፣ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «ይህ የጉ. ነው። ራሷ እስክትናገር አይነካ።»

ሰው ፊት አለቀስኩ። ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማማን፤ የዓሣ አጥማጁ ሚስት መድረክ ላይ ደራሲው እንደፈለገ ዝም ትላለች፣ መስመሯ ከእናቴ ስም ጋር በመጽሐፉ መጨረሻ ትታተማለች። ዶርተ እስካሁን አኩርፋለች።

ዶክተር፣ እስኪሞቱ ድረስ ጠዋት ጠዋት ኮትዎን ሲሰቅሉ፣ «ጉንዱላ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?» ይሉኝ ነበር። ስለ ፖስታው የሚጠይቁኝ እየመሰለኝ «ምንም የለም» እልዎ ነበር።

ነበረኝ፣ ዶክተር። ይኸው ነገርኩዎ።

አክባሪዎ ጉንዱላ