ድምፃዊው ከመግባቱ በፊት

ታዴዬ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ መልሱን ከየት አገኘዋለሁ? ሰኔ ላይ በጭቃ ሸኘሁህ። ይኸው ክረምቱ ወጥቶ፣ መስቀልና ገና አልፈው፣ ጥር ሊያልቅ ነው። አቃቂም ከጭቃዋ ወጥታ ወደ አቧራዋ ተመልሳለች። እስከ ትናንት ድረስ አንድ ቃል የምጽፍበት አቅም አልነበረኝም። ትናንት ግን አንድ ነገር ሆነ። ለሌላ ሰው ባወራው አበደች ይለኛል፤ አንተ ግን ድሮም እብድ ስለነበርክ ይገባሃል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ከአልጋችን በላይ የምታፈሰው ቆርቆሮ፣ ዕድሜህን ሙሉ ነገ እደፍናታለሁ ስትላት የኖርካት፣ ተደፍናለች። ፊት ለፊታችን ያሉት ባለሱቅ ጋሽ ሸምሱ፣ ሳልነግራቸው፣ ሠራተኛ ይዘው መጥተው አስደፈኑልኝ። ባጃጅ የሚባል ባለሦስት እግር ነገር ሰፈራችን ገብቷል። ሲነሳ እንደ አስም በሽተኛ ነው የሚያደርገው፤ ብትሰማው፣ እንደ ዘፈን ቆጥረህ፣ መግቢያው አያምርም ትለው ነበር። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ አሁን ካሴት ትተው ሲዲ ነው የሚሉት። ሙዚቃ ቤትህን ግን አልከፈትኩትም። መዝጊያው ላይ አቧራ ተጋግሮበታል፤ አንዱ ወመኔ በጣቱ የቡድኑን ስም ጽፎበታል።

ሰፈሩ እንዴት እንዳከበረህ ብነግርህ አታምነኝም። የጋሽ ሸምሱን ሬዲዮ ታውቀው የለ፣ ከንጋት እስከ ማታ አፉን የማይዘጋውን? ዘጉት። ዜና ሲያምራቸው ድምፁን ቀንሰው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይሰማሉ እንጂ ዘፈን ከሱቃቸው ወጥቶ አያውቅም። ሚኒባሶቹ እንኳ በደጃችን ሲያልፉ ወያላው ሹፌሩን "ቀንሰው፣ የታዴ ቤት ነው" ይለዋል። አንድ ቀን በጆሮዬ ሰማሁትና መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ደግሞም ጨነቀኝ። ዘፈን ለዚህ ሰፈር ያስተማርከው አንተ፣ በአንተ ሞት ሰፈሩ ዲዳ ይሁን? አሁንስ በቃችሁ ለማለት ደግሞ አፌ እምቢ አለኝ።

የተገናኘንበት ቀን ትዝ ይልሃል? አይ፣ ለእኔ ነው ትዝ የሚለኝ፤ አንተማ ካሴት እንጂ ሰው የምታይ አልነበርክም። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከፈረቃ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ ነው። ጆሮዬ ውስጥ ማሽኑ ገና ይጮሃል። ከሱቅህ በር ላይ ከሰቀልከው ድምፅ ማጉያ አንድ ጊታር ብቻውን ወጣ። የፈረንጅ ዘፈን ነው። ቀስ ያለ፣ ከወንዝ ማዶ የሆነ ሰው ለራሱ የሚጫወተው ዓይነት። ከዚያ ከበሮው ከሥሩ ገባ፤ ከዚያ ሌላ ጊታር መጣና የመጀመሪያውን እጁን እንደያዘው ሁሉ አብረው መውጣት ጀመሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። እግሬ ተተከለ። ማሽኑ ከጆሮዬ ጠፋ። ዘፋኙ አሁን ሊገባ ነው ብዬ ልቤ ስትንጠለጠል፣ ቀጭ! አጠፋኸው።

የተናደድኩትን መናደድ! ልጣላህ ነው የገባሁት። አንተ ግን እየሳቅክ፣ ቀሪውንማ ማንም ያውቀዋል አልከኝ፤ ወይ እወድሻለሁ ይላታል፣ ወይ ጥለሽኝ ሄድሽ ይላታል፤ ትልቁ ነገር ገና ማንም ምንም ሳያውቅ ያለችው ጊዜ ናት። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ብለህ ተረት ጨመርክልኝ። ይሄ ሰውዬ ጤነኛ አይደለም ብዬ ወጣሁ። በነጋታው ተመልሼ መጣሁ። ከዚያ በኋላ እንግዲህ የት እሄዳለሁ።

ልጅ አልሰጠንም። ለእኛ የሰጠን ካሴት ነው እያልክ ታስቀኝ ነበር፤ እየሳቅክ ዓይንህን ታዞራለህ። አዲስ ካሴት በመጣ ቁጥር በርጩማው ላይ ታስቀምጠኝና እጅጌዬን ትሰበስባለህ። ቴፑን ትከፍትና አንተ ካሴቱን ሳይሆን ክንዴን ነው የምታየው። ፀጉሩ ከቆመ ካሴቱ ፊት መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ካልቆመ ዘፋኙ የፈለገውን ያህል ዝነኛ ይሁን ከኋላ ይገባል። ደንበኛ እያየ እንኳ አታፍርም ነበር። እትዬ ዘነበች፣ ጎረቤታችን፣ ገብተው ይህን ሲያዩ አንድ ቀን፣ "ሚስትህ ናት ወይስ ሚዛንህ?" አሉህ። ሁለቱም አልካቸው።

እንዴት ያለ ነገር አሰማኸኝ ታዴ! ከበሮ ብቻውን የሚጀምረው ያ የፈረንጅ ዘፈን፣ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የወረደ መስሎኝ ልብስ ላስገባ የወጣሁበት። ሌላው ደግሞ ፒያኖው አንዲት ድምፅ ብቻ መትቶ ዝም የሚለው፤ ያቺ ድምፅ እስክትሞት ድረስ አንተ እጅህን አንስተህ እንዳልናገር ትከለክለኛለህ። የእኛ አገር ዘፈንም ቢሆን፣ የድሮዎቹ ባንዶች ጥሩምባና ሳክስፎኑን አንድ ላይ ሲለቁት፣ ሳያንኳኳ የሚገባ ዘመድ ትለው ነበር፤ ከመግባቱ ቤቱን ይሞላዋል። ክራር ብቻውን የሚጀምረውን ደግሞ በር ላይ ጫማውን የሚያወልቅ እንግዳ አልከው። የኦርጋኑን ነገር ግን አልወደድክም። አንዱ ማሽን ለሁሉም አንድ ዓይነት ከበሮ እየመታ፣ ዘፈኑ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ መሰለ እያልክ ስትበሳጭ ነው የማውቅህ። እኔማ አንዳንዱን በጓሮ እወደው ነበር፤ አልነገርኩህም እንጂ።

እውነቱን ልንገርህና፣ ካንተ በኋላ ይህ ሁሉ ጠፋብኝ። በኅዳር የፋብሪካ ጓደኛዬ ልትጠይቀኝ መጣችና፣ ሐዘኔን የምታስረሳኝ መስሏት፣ ስሙን የማታውቀውን ዘፈን መግቢያ አንጎራጎረችልኝ። ሰው ሁሉ ከእኛ ሲገዛ እንደዚያ አልነበር የሚያደርገው? ርዕስ ሳያውቅ፣ ዘፋኝ ሳያውቅ፣ መግቢያውን በአፉ እየመታ ይመጣል፤ አንተ ወይም እኔ ሳይጨርስ እናወጣለታለን። ያን ቀን ግን ስሙን ሳልነግራት ቡና ልቀዳ ተነሳሁ። ዘፈኑን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ምንም አላለኝም። ሰው ስለ ዝናብ የሚያወራኝ ያህል ነው የሰማሁት። እሷ ከሄደች በኋላ ትንሿን ቴፕ አውጥቼ፣ ከውጭ እንዳይሰማ ጋቢ ሸፍኜ፣ የመጀመሪያውን የጊታር ዘፈናችንን ከፈትኩ። ጊታሩ ጊታር ነው። ክንዴ እንጨት ነው። ያኔ ነው በደንብ የፈራሁት። አንተን መቅበሬን ተቀበልኩ ልበል፤ የሰጠኸኝን ጆሮ አብሬ የቀበርኩት መሰለኝ። በምን ላስታውስህ ነው እንግዲህ?

በጥር መጀመሪያ እትዬ ዘነበች መጡ። ሰናይት፣ ልጃቸው፣ ከሱቅህ በር ሥር ተቀምጣ ስታጠና ያደገችው፣ ልትዳር ነው። ድንኳኑ የሚጣለው ግቢያቸው ውስጥ ነው፤ ከእኛ ጋር የሚለየን አጥር ብቻ ነው። ፈቃድ ሊጠይቁኝ ነው የመጡት። ነጠላቸውን አጣፉ፣ ፈቱ፣ እንደገና አጣፉ። በመጨረሻ፣ የሆነውስ ሆኖ፣ በአንቺ ሐዘን ላይ ሞንታርቦ አላስጮህም፤ ልጄ በእልልታ ብቻ ትወጣለች አሉኝ። ኧረ በስመአብ፣ ምን በወጣት አልኳቸው። እንደዚያማ ከሆነ የመጀመሪያውን ዘፈን አንቺ ክፈቺው፤ ከአንቺ እጅ ሲወጣ ነው ሰፈሩም የሚፈታው አሉ። እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ነው የገባሁበት ነገር የገባኝ። የማልሰማ ሰው፣ ለሙሽራ መግቢያ ልመርጥ!

ሱቁን ከፈትኩት ታዴ። መዝጊያው ሲነሳ የጮኸውን ጩኸት ጋሽ ሸምሱ ሰምተው ከሱቃቸው ወጡ፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተመለሱ። በርጩማው ላይ ተቀምጬ እጅጌዬን ራሴ ሰበሰብኩ። ሳክስፎኑን ሞከርኩ። ከበሮውን ሞከርኩ። የሠርግ ዘፈኖቹንም፣ አንተ እንደ ወጥ ቤት ጨርቅ ያረጁ የምትላቸውን፣ አላስቀረሁም። ምንም። ብቻዬን ተናደድኩ፣ ካሴቶቹን ሰደብኳቸው፣ አንተንም ሰደብኩህ። መጨረሻ ላይ በራሴ ጆሮ ተስፋ ቆርጬ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ። ልጅ ከእናቷ ቤት ስትወጣ በር የሚበረግድ መግቢያ አትከፍትም። አንዲቷን አሮጌ የፍቅር ዘፈን አነሳሁ፤ ቤዝ ጊታሩ ብቻውን እየተራመደ የሚመጣባትን፣ ከዚያ ጭብጨባ የሚከተለውን፣ ከዚያ ጥሩምባዎቹ ቀስ ብለው የሚነሱባትን። ጥሩምባዎቹ ሲያበቁ ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል። ያ ዘፋኝ ከሞተ ቆይቷል፤ ካሴቱ ላይ ግን ገና ሊዘፍን ትንፋሹን ይስባል። ይችን ያዝኩ። ወድጃት አይደለም፤ አንተን አምኜ ነው።

ትናንት ነው እንግዲህ ሠርጉ። በጥቁሬ ነው የሄድኩት። አጃቢዎቹ ሙሽሪትን ሊወስዱ ሲገቡ ድንኳኑ ጢም ብሏል፤ በር ላይ የሚጋፋው ሌላ ነው። እትዬ ዘነበች ከሕዝቡ መሃል በዓይናቸው ፈለጉኝ። ቴፑን ከፈትኩት።

ቤዙ መጣ። ሰው ሁሉ ወሬውን ተወ። በሰፈራችን ከሰኔ ወዲህ የተሰማ የመጀመሪያው ዘፈን ነው፤ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም እኔን አየኝ። ጭብጨባው ሲገባ ማንም አላጨበጨበም፣ ፈርተው ነው። ሰናይት ከነቬሏ ቆማለች። ጥሩምባዎቹ ተነሱ፣ ወጡ፣ ወጡ፣ አበቁ። ዘፋኙ ትንፋሹን ሳበ።

መብራት ጠፋ።

ወይ ጉድ! ሞንታርቦው ጭጭ አለ። ያን ያህል ሰው፣ ሕፃኑ ሽማግሌው፣ ሚዜው፣ ደጅ ላይ ያለው ለማኝ ሳይቀር፣ ሁሉም ከዘፋኙ ጋር ትንፋሹን ስቦ ይዞታል። የሚያስል የለም። እንዲህ ያለ ዝምታ በዕድሜዬ አልሰማሁም። ቀጭ አድርገህ ያጠፋኸው እስኪመስለኝ ድረስ ወደ በሩ ዞሬ አየሁ፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ታዴ፣ ማን እንደጀመረው እግዜር ይወቀው፣ ድንኳኑ በሙሉ በአንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ቃል ገባ። አንድ ሰው አልቀደመም፣ አንድ ሰው አልዘገየም። ያለ ጊታር፣ ያለ መብራት፣ የሸራ ድንኳን ሙሉ ሰው እንደ አንድ ጉሮሮ! ጋሽ ሸምሱ እንኳ፣ በሠርግ ላይ ከንፈራቸውን የማያንቀሳቅሱት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘፍኑ ነበር። ሰውነቴ ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ ነዘረኝ። አንተ በዚያች ደቃቃ ሱቅ ውስጥ ስትጠብቃት የኖርካት ነገር ይህች እንደሆነች ያኔ ገባኝ። መግቢያ ለዘፋኙ አይደለም የሚሠራው፤ ለሰሚው ነው፤ ገብቶ እንዲቀጥል። አንተ ቀጭ አድርገህ ስታጠፋው ስንት ሰው ቀሪውን በልቡ እየዘፈነ ወደ ቤቱ እንደሄደ አሁን አስባለሁ፤ እኔም አንዷ ነበርኩ።

በኋላ መብራቱ መጣ፤ ቴፑን የነካው ግን አልነበረም። ሰናይትን እየዘፈንን እስከ በሩ ሸኘናት። እዚያ ስንደርስ አንዲት ሴት ከሁሉ በላይ፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ እልል አለች። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አያት። እኔ ነበርኩ ታዴዬ። በጥቁር ልብሴ።

ጆሮዬ ደህና ነው። በእሱ አስታውስሃለሁ፣ እስከ መጨረሻው። ትናንት ስመለስ ደጃችን ላይ አንድ ሚኒባስ ዘፈኑን እስከ ጣሪያው ለቆ አለፈ፤ ወያላውም ቀንሰው አላለም። እኔም አላስቆምኩትም።

ያንተዋ አልማዝ