መጀመሪያ ያከከ

መጋቢት 2

ዛሬ ምራቴ በእንግዳ ፊት እከካም አደረገችኝ።

ከሱቅ ገባሁ። ባርኔጣዬን ሰቀልኩ። እህቷ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። እጄን ዘረጋሁ።

«ተዪ፣ እንዳትጨብጫቸው! እከክ ይዟቸዋል።»

አንቱ እያለች አዋረደችኝ። አንተ ብላ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እጄ አየር ላይ ቀረ። የግድግዳውን ሰዓት ላስተካክል የዘረጋሁ መሰልኩ... ሰዓቱ ደግሞ ልክ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ አልጋዬ ዕቃ ቤት ገባ። በቀለም ቆርቆሮና በአሮጌ ጎማ መሃል። ፎጣ ለብቻ፣ ሳህን ለብቻ። ልጄ የአልጋውን አንድ ጫፍ ይዞ አገዛት። «ለጊዜው ነው አባዬ።»

እከኩ እውነት ነው። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ። ጣቶቼ መሃል፣ ብብቴ፣ ወገቤ። ግን እኔ አላመጣሁትም። ከየት አመጣዋለሁ? ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት። የሰው ክንድ ላይ የዋለ ሰዓት በአልኮል ሳልጠርግ ነክቼ አላውቅም።

አሳያቸዋለሁ።

መጋቢት 3

ከሱቄ ጎን ያለው ልብስ ሰፊ ስታከክ አየኝ። ነገና ነው የምንለው፤ ለደንበኛው ሁሉ «ነገ ና» ስለሚል።

«ጋሼ፣ እከክልኝ ልከክልህ እንጫወት? እኔ ጀርባዎን፣ እርስዎ ሰዓቴን።»

ጥቂት ቆይቶ አንድ ብልቃጥ አመጣ። የወንድሙ ላሞች የሚወጉት ነው። ለተባይ። «ለሰውም የሚሆን ነው አሉ። ትንሽ ጠብ ቢያደርጉ...»

«እኔ ላም ነኝ?»

«ኧረ አይደሉም። ላምማ ትታለባለች።»

አስወጣሁት። ግን ከብልቃጡ ላይ ስሙን ቀዳሁ። አይቨርሜክቲን። ለሰውም ካለ በሰው ልክ የተሠራውን እጠይቃለሁ። የግድግዳ ሰዓት ዘይት የእጅ ሰዓት ውስጥ አይገባም።

መጋቢት 4

አየሁት! በዓይኔ አየሁት!

ለሥራ ዓይኔ ላይ የማደርገውን አጉሊ መነጽር አድርጌ ጣቶቼን መረመርኩ። በጠቋሚውና በመሃል ጣቴ መካከል ክር የመሰለች ጠመዝማዛ መስመር። ጫፏ ላይ ነጥብ። በመርፌ አነሳኋትና ጥቁር መስታወት ላይ አኖርኳት።

ሄደች! እግር አላት! ከብሎኖቼ ሁሉ ትንሿ ከእሷ ትገዝፋለች። ቆዳዬ ውስጥ ዋሻ ቆፍራ ትኖራለች። ሳትከፍል!

«ነገና! ና እይ!»

«ነገ...»

ጎትቼ አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ እሱም ያክካል። በሐሳቡ።

መጋቢት 6

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያየችኝ ሲስተር የልጅ ልጄ የምትሆን፣ ድምፀ ወፍራም ናት። መድኃኒቱን በስሙ ጠየቅኋት። ገረማት። በክኒን አለ፣ ለሰው የተለካ። ግን አልሰጥም አለች።

«ብቻዎን ቢታከሙ ዋጋ የለውም አባቴ። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ነው። አለዚያ የዳነው ካልዳነው መልሶ ይወስዳል። ከዚህ በፊት ይዞዎት ያውቃል?»

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። መንገድ ሥራ ላይ፣ አርባ ሰው በአንድ አዳራሽ። ድኝ ቀብተው አዳኑን።»

«እንግዲያው ሰውነትዎ አይረሳውም። ዳግም ሲይዝዎት ከአንድ እስከ አራት ቀን ውስጥ ያሳክክዎታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ግን ወር፣ ወር ተኩል ሳይሰማው ይዞት ይዞራል።»

«ሳያክ?»

«ሳያክ።»

«እና ያስተላልፋል?»

«እንዴታ!»

እንዴት ከወንበር እንደተነሳሁ አላውቅም። ደስታ ነው ወይስ ንዴት? የአንድ ሰዓቱን መንገድ በግማሽ ሰዓት ጨረስኩት። መጀመሪያ ያከከ ሁሉ ያመጣ አይደለም! ቤቱ በሙሉ የሳተው ይህን ነው። እኔም ጭምር።

መጋቢት 7

ቆጠርኩ።

እኔን ያሳከከኝ የካቲት 22። አራት ቀን ወደ ኋላ... የካቲት 18። ያን ሰሞን ጉንፋን ጥሎኝ ነበር። ደግፎ ያነሳኝ ማነው? ደረትና ጀርባዬን ያሸኝ? ምራቴ። ሌላ ሰው አልነካኝም።

እሷስ ከየት? ከጥር መጨረሻ ጀምሮ አረጋውያን መጦሪያ ተቀጥራለች። የተኛውን ታገላብጣለች፣ አንሶላ ትቀይራለች። ወር ከአሥር ቀን ሆናት። ዛሬ ሻይ ስታቀብለኝ (በጓንት ነው የምታቀብለኝ) አተኩሬ አየኋት። በጓንቱ ላይ ታክካለች!

ጀመራት!

ሁሉንም ቀን በቀን ወረቀት ላይ አሰፈርኩ። ነገ ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ነን። በሲስተሯ ፊት አነብላታለሁ። በሰው ፊት የተባለ በሰው ፊት ይመለሳል። ምሳዬን ሁለት ሳህን በላሁ።

መጋቢት 8

መድኃኒቱ በኪሎ ነው የሚሰጠው። ተራ በተራ ሚዛን ላይ ወጣን። ልጄ ሰባ አንድ።

«አባቴ፣ ጫማዎን ያውልቁ።»

«ያለ ጫማ ሰው ፊት አልቆምም።»

«እሺ፣ ለጫማው በግምት እንቀንሳለን።»

በግምት? አወለቅሁ። ሃምሳ አራት። ለልጄ አምስት ክኒን፣ ለእኔ አራት። እንቁላሉን ስለማይገድል ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል።

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሲስተሯ ቀደመችኝ፤ ወደ ምራቴ ዞራ፣

«እርጉዝ ነሽ? ለእርጉዝ ክኒኑን አንሰጥም።»

ባሏን አየች። ወለሉን አየች።

«አዎ። ሦስት ወር።»

«ምን አልሽ?» አለ ልጄ። ጫማውን እያጠለቀ ነበር፤ አንድ እግሩ ላይ ቀረ።

«ሁለቱ ከጨነገፉብን በኋላ... ሳይጸና ልናገር አልፈለግሁም።» ከዚያ ወደ ሲስተሯ፣ «እከኩ ልጁን ይነካዋል? አባባን ያራቅኋቸው እኮ ፈርቼ ነው።»

«ከቆዳ አያልፍም። ለአንቺ የሚቀባ አለ።» እስክሪብቶ አነሳች። «መጀመሪያ ያሳከከው ማንን ነው?»

ሁሉም እኔን አዩ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው።

«እኔን» አልኩ።

እውነት ነው። መጀመሪያ ያሳከከው እኔን ነው። ማን አመጣው ብላ ብትጠይቅ ኖሮ... አልጠየቀችም። ያልተጠየቅሁትን አልመልስም።

አያት ልሆን ነው! በሰባ ሁለት ዓመቴ!

መጋቢት 9

ልብስ፣ አንሶላ፣ ፎጣ ሁሉ ፈላ። የማይፈላው በፌስታል ታሽጎ ሳምንት ይቀመጣል። ባርኔጣዬም አለበት።

«ባርኔጣዎ ታሰረ?» አለኝ ነገና።

«ምርመራ ላይ ነው።»

መጋቢት 10

አንድ ሐሳብ እረፍት ነሳኝ። መጦሪያው ውስጥ ስንቱ እያከከ ነው? የሽማግሌ ማከክ ማን ቁም ነገር ይለዋል? እርጅና ነው ብለው ያልፉታል።

ወደ ሲስተሯ ተመለስኩ። «የመጦሪያውን ሰዎች እዩልኝ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ቆጥሬ ነው። ግን የማንም ስም አይጻፍ።»

አየችኝ... ገባት። «ተባይ ስም አይጠይቅም አባቴ። እኔም አልጠይቅም።»

መጋቢት 16

የጤና ጣቢያው ሰዎች መጦሪያው ሄደዋል! ከአርባ ሦስቱ አረጋውያን ሠላሳ አንዱ እከክ ይዟቸዋል። ዘጠኙ በላዩ ቅማል። ቅባቱና ማበጠሪያው ያቃተውንም ቅማል ይኸው ክኒን ያነሳዋል አለች ሲስተሯ። ሁሉም በአንድ ቀን ወሰዱ።

አንዱ ሽማግሌ እንዳያክ እጁን በካልሲ አስረውት ነበር። «ያሳክከኛል» ሲል «ይቃዣል» እየተባለ... ፈቱት! ሲስተሯ ስትነግረኝ ቁጭ ብድግ አልኩ። ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ ነገረኛ ስባል ኖሬ፣ ነገሬ ለአንድ ሰው እጅ መፈታት በቃ።

እኔን አሁንም ትንሽ ይበላኛል። ቢሞትም ለሳምንታት ያሳክካል ብላኛለች። ይሙት እንጂ ያሳክክ።

መጋቢት 22

ሁለተኛውን ክኒን ዋጥን። ቆዳዬ ዝም ብሏል።

ልጄ አልጋዬን ወደ ክፍሌ ሊመልስ መጣ። እምቢ አልኩ። ያወጡኝ እነሱ፤ የማልገባው እኔ ነኝ። ዕቃ ቤቱ የጠዋት ፀሐይ አለው። ቆርቆሮውና ጎማው ይውጣልኝ። ክፍሏ ለሚመጣው ትሁን።

ከሰዓት በኋላ ምራቴ ከሥራ ገባች። ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ በሬ ላይ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባባ... እከኩ መጦሪያው ውስጥ ከጥር በፊት ጀምሮ ነው አሉን። ለካ እኔ ነኝ ያመጣ...»

«እግርሽ አብጧል። ተቀመጪ።»

«አባባ፣ ያውቁ ነበር?»

«ተቀመጪ አልኩሽ!»

ተቀመጠች። አለቀሰች። እኔ የያዝኩትን ሰዓት መፍታቴን ቀጠልኩ።

ኋላ ልጄም መጣ። «አባዬ፣ ማን እንዳመጣው ታውቃለህ አይደል?» አላውቅም አላልኩትም፤ አልዋሽም። «አልናገርም» አልኩት። አስር ጊዜ ቢጠይቀኝ አስር ጊዜ ያው ነው።

ስለዚህ ነገር በዚህ ቤት ቃል አይወጣኝም። እዚህ ደብተር ላይም የመጨረሻው መስመር ይኸው ነው።