ጨው የሌለው ነበልባል

ደሴ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ተውፊቅ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን ደብዳቤ ለይላ በእጇ ታመጣልሃለች። ውስጡ የታጠፈ ሌላ ወረቀት አለ፤ ከማስታወሻ ደብተሬ የተቀደደ ገጽ ነው። እሱን ገና አትክፈተው፤ መጀመሪያ የኔን ስማ። ከደብተሬ ገጽ የምቀድ ሰው እንዳልሆንኩ አንተ ታውቃለህ።

ትናንት ለይላ ሰኞ ገበያ ሰፈር ወዳለው ሱቄ መጣች። የመሣሪያ ቦርሳህን ባንኮው ላይ ዱብ አደረገችው።

«በሽር፣ ይህን ሽጥልን።»

«የማን ነው?»

«የባሌ ነዋ! አልፈልገውም ብሏል። ሰኞ ደግሞ ፋብሪካ ሄዶ የስንብት ደብዳቤ ሊያስገባ ነው።»

የተቃጠለው እጁ አልዳነም እንዴ አልኳት። ድኗል አለች፤ ይጨብጣል፣ ብሎን ይፈታል። ግን ከእናቱ ቤት፣ ከሐርቡ፣ አልነቃነቅም ብሏል። በር ቆልፎ ይወጣና «ቆልፌዋለሁ?» እያለ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ወደ ሥራህ ግባ ስትልህ ምን እንዳልካት ቃል በቃል ነገረችኝ፦ «ሰው የሽመና ማሽኑ ውስጥ እጁን አስገብቶ ሳለ ረስቼ ማብሪያውን ብጫነውስ? ጨው የረሳ ሰው ምን አይረሳም?»

ተውፊቅ፣ ጨው አልረሳህም። ይህን ለመጻፍ ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ። አሁን የሆነውን በተራ ልንገርህ፤ የምታውቀውንም እደግማለሁ፣ በመሐሉ ዘልዬ እንዳላመልጥ።

ምድጃዋን የፈጠርካት አንተ ነህ። የሁለት ለስላሳ ጣሳ ቂጥ ቆርጠህ አንዱን በሌላው ውስጥ ሰካህ፤ ጠርዙን ዙሪያውን በመርፌ በሳህ፤ በመሐሉ ቀዳዳ ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል ጨምረህ ክብሪት ጫርክ። ጥቂት ቆይታ ስትሞቅ በየቀዳዳው ትንንሽ ነበልባል አወጣች፤ አበባ ትመስላለች። መዳፌ ላይ ሳስቀምጣት ከእንቁላል ትቀላለች። እኔ ነጋዴ ነኝና ወዲያው እንደ ገዢ የታየችኝ ኩኩ ናት፤ ወጣቶችን እየመራች ጦሳ ተራራ ላይ ድንኳን ተክላ የምታድረዋ። ከሰል ተሸክመው ተራራ መውጣት ሰልችቷቸዋል።

እኔ የቢራ ጣሳ በኩንታል ሰብስቤ ኮምቦልቻ፣ ቤትህ ድረስ ሳመጣልህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?

«ቢራ የያዘ ጣሳ በእጄ አልቆርጥም።»

«አልኮል እያነደድክ?»

«አነደዋለሁ እንጂ አልጠጣው! ሐራሙን እሳት ውስጥ እየጨመርኩት ነው፤ ምን ትፈልጋለህ?»

ሳቅንና የለስላሳ ጣሳ ፍለጋ ሄድኩ።

በየእሁዱ ፈተንናት። አንተ ታነዳለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። ደብተሩ ላይ አለ፦ ኮምቦልቻ፣ ጓሮ፣ ሁለት ክዳን አልኮል፣ አንድ ኩባያ ውሃ በሰባት ደቂቃ ፈላ። ደሴ፣ የኔ በረንዳ፣ ብርድና ነፋስ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። አንተ በቆርቆሮ የነፋስ መከለያ ሠራህላት፤ ወደ ስምንት ወረደ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ጓሮህ ውስጥ፣ ጠፍታለች ብዬ እጄን ስሰድ ክንዴን ያዝከኝ። ደረቅ ሣር አነሳህና ከምድጃዋ በላይ ያዝከው። ምንም ሳይታይ ሣሩ ቦግ አለ። «የአልኮል እሳት በፀሐይ አይታይም» አልከኝ። መላውን ያገኘኸውም አንተው ነህ፤ ጨው በጥቂት ውሃ በጥብጠህ አልኮሉ ውስጥ ጨመርክ፣ ነበልባሉም ቢጫ ሆነ። ጨው የገባበት ጠርሙስ እንዲለይ ከፋብሪካ ውዳቂ ያመጣኸውን ቢጫ ክር አንገቱ ላይ አሰርክ። ሕጋችን ያ ነበር፦ ክር የታሰረበት ጠርሙስ ብቻ፤ ቢጫ እስካለ ድረስ አትጨምር። ሌላ መፈተኛ አላበጀንም። ያን ክር ታምነው ነበር።

እኔ ጨዉን አልወደድኩትም። ጣሳው ላይ ነጭ እድፍ ይተዋል፤ የመርፌ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ከየፈተናው በኋላ ስፈትግ የምውለው እኔ ነኝ። «ገዢ ያገለገለ ዕቃ ይመስለዋል» ስልህ «ይቆሽሽ፤ ግን ይታይ» አልከኝ። ክርክሩ እዚያ ያበቃ መሰለህ።

ለኩኩ ጦሳ ላይ ልናሳያት በቀጠርንበት ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብለህ ጨው በሻይ ማንኪያ ለክተህ በጠበጥክ። አየሁህ። ጠርሙሱን ወዝውዘህ ክሩን አሰርክና «ይኸው፣ አደራ» ብለህ ሰጠኸኝ። እሁድ ጠዋት አንተ ባጃጅ ልትጠራ ስትወጣ፣ ያን ጠርሙስ ባንኮ ስር አስቀመጥኩት። ጨው ያልነካው ሌላ የአልኮል ጠርሙስ አነሳሁ። ክሩን ፈትቼ በሱ አንገት ላይ አሰርኩት።

ብነግርህ እንደምትከራከረኝ አውቅ ነበር። አንድ ቀን ነው፣ ኩኩ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ትይ፣ ከዚያ ወደ ጨዋችን እንመለሳለን አልኩ። ያን ጊዜ ስሌቱ ትክክል መስሎኝ ነበር።

የቀረውን አብረን አይተናል። ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ኩኩ «ኧረ እሳቱ የታለ?» ስትል አንተ ጎንበስ ብለህ አየህ። ቢጫ የለም። «ጨርሳለች» አልክና ጠርሙሱን ዘነበልክ። እሳቱ በፈሳሹ ሽቅብ ሮጦ እጅጌህ ውስጥ ገባ። ኩኩ ጃኬቷን አውልቃ ባትጠመጥምብህ ኖሮ እኔስ ቆሜ ነበር። ስንወርድ መንገዱን ሙሉ ያልከው አንድ ነገር ነው፦ «ጨው ረስቼ... ጨው ረስቼ እኮ ነው።»

አይደለም አላልኩህም። ማታውን ኩኩ ደውላ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ «ራሱ ተናግሯል» አልኳት። ውሸት አይደለም። ውሸት ያልሆነ ነገር መርጬ መናገር እችልበታለሁ፤ የምኖረው በሱ ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ዐረፋን ነው። ልጠይቅህ ሐርቡ መጣሁ። በፋሻ የተጠቀለለ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ተነሳህና «በሽር፣ ዒድ ነው፤ አውፍ በለኝ። ዕቃችንንም ስምህንም አበላሸሁብህ» አልከኝ። እናትህ ቆመው እያዩን ነበር። እኔም «አውፍ ብያለሁ፣ ወንድሜ» አልኩህ። እናትህ «አላህ ፍቅራችሁን ያዝልቀው» ብለው መረቁን። አሚን ያልኩት ጮክ ብዬ ነው።

ይህን ሁሉ ትናንት ለለይላ ባንኮው ላይ ተደግፌ ነገርኳት። ቦርሳህን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ሰባት ሳምንት?»

«አዎ።»

«በር እየተመለሰ ሲነካ እኔ ነኝ የማየው፣ አንተ አይደለህም!» እኔ «አሁኑኑ ሐርቡ ሄጄ ልንገረው» ስላት ከለከለችኝ። «በአፍህ ብትነግረው ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው ይላል። አንተ ነጋዴ ነህ፣ ምላስህን ያውቀዋል። የሚይዘው ነገር ስጠው። ነገ መጥቼ እወስዳለሁ።»

ስለዚህ አሁን ወረቀቱን ክፈተው። ቀኑን እይ፦ እሁድ፣ ሚያዝያ 26፣ ጠዋት። «ጨው ያለበትን ጠርሙስ ሱቅ ውስጥ ተውኩት። ንጹሑን ይዣለሁ። ክሩን አሰርኩበት። ለተ. አልተነገረም።» የተጻፈው ከመውጣታችን በፊት ነው፤ ከስሩ የያዝናቸው ዕቃዎች ዝርዝር አለ፤ ከባጃጁ ስትመለስ፣ የላዩን በመዳፌ ሸፍኜ ሳሳይህ፣ በራስህ እጅ የጨመርከው «ክብሪት» የሚለው ቃልም አለበት። ከዚያ በታች፣ በሌላ እስክሪብቶ፣ «እጁ ተቃጠለ» ይላል። ሌላ ምንም ልጽፍ አልቻልኩም።

ዛሬ ጠዋት ለኩኩም ደውዬ ነገርኳት። ከኔ ጋር መሥራት አልፈልግም አለች። አልተከራከርኳትም።

ዐረፋ ላይ አውፍ ያልኩህን መልሼ ወስጄዋለሁ። የምምርህ ነገር አልነበረኝም። አውፍ የሚለምነው እኔ ነኝ፤ መልሱን ግን አሁን አልጠይቅህም፣ ጭራሽ ባትመልስልኝም መብትህ ነው። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ሰኞ ፋብሪካ ስትሄድ ያን የስንብት ደብዳቤ ይዘህ አትሂድ።

ቦርሳህን አልሸጥኩም፤ ለይላ ይዛልህ መጥታለች። ያ አንተ ያዘጋጀኸው ጠርሙስ እስከ ዛሬ ባንኮ ስር ነበር። ዛሬ ጠዋት፣ ለይላ ቆማ እያየች፣ ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ሁለት ክዳን ቀዳሁና ክብሪት ጫርኩ።

ቢጫ ነው፣ ተውፊቅ። ከመንገዱ ማዶ ይታያል።

ክሩን ያሰርኩት እኔ፣
በሽር