አህያ የለመደ እግር

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

አልወደቅኩም። ከፈረሱ ላይ ተንሸራትቼ ወረድኩ እንጂ። ወንድሜ አያ ታከለ ግን ቤት ውስጥ እንደተኛ ዱብ ስል ሰምቶ «ወደቀች» ብሎ ለመንደሩ ሁሉ አሰማ። ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋው አይወርድም። ጆሮውና ምላሱ ግን ደኅና ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእሱ ዳማ ፈረስ ጋላቢ አጥቶ ሲቆም ስግሪያውን፣ ያን የማይንጠውን አካሄዱን፣ ረስቷል። አሁን የሚያውቀው ሶምሶማ ብቻ ነው፤ ሶምሶማው አንጀት ያወርዳል። የወረታው ጋሪ ነጂ ጌጡ ለጋሪው ሊገዛው ቅዳሜ ይመጣል። እኔ ደግሞ ለእኔ ስጠኝ አልኩ። ጉልበቴ አልቋል። ልጄ ያለችው ከይፋግ ወዲያ፣ መኪና የማይገባበት ነው፤ ካየኋት ከርሜያለሁ።

አያ ታከለ መጀመሪያ ሳቀ። ፈረሱ አሮጊት ጥሎ ቢገድል እህቱን አስገደለ ይሉኛል አለ። በኋላ ግን በሰው ፊት ቃል ሰጠኝ። እስከ ቅዳሜ ዳማው እኔን ተሸክሞ ከሰገረ፣ ጠላ የሞላ ዋንጫ ይዤ ከደጁ እስከ ዋርካው ደርሼ ሳላፈስ ከተመለስኩ፣ የእኔ ነው። ካልሆነ ለጋሪ።

ጋሪ የገባ ፈረስ አውቃለሁ። ወረታ አስፋልቱ ዳር ትከሻው ተልጦ፣ ዝንብ ወርሮት ይቆማል።

ጀርባዬን ያመኛል። ነገም እወጣለሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 10

የቀኝ የፊት እግሩን ከቀኝ የኋላ እግሩ፣ የግራውንም እንዲሁ፣ በላላ ገመድ አገናኘሁ። የአንድ ወገን እግሮቹ አብረው ሲነሱ ጀርባው አይናወጥም፤ ስግሪያ ማለት ይኸው ነው። አባታችን ሲያደርገው ከበረቱ ጀርባ ቆሜ ያየሁት ነው። አስተምራት ያለው፣ ነይ እዪ ያለኝ የለም።

እየሳብኩ ስወስደው ሰገረ። ሩዙ በታጨደበት ማሳ ላይ ደኅና አድርጎ ሄደ። ስወጣበት ግን ተምታታበት። ብመልሰው ያው።

አያ ታከለ ከውስጥ ሆኖ ኮቴውን ሲያዳምጥ ቆይቶ ተናገረ።

«ፈረሱ አይደለም። አንቺ ነሽ። አህያ ነው የምትነጂው።»

ወደ ይፋግ ገበያ ስመላለስ ነው ያረጀሁት። እህሉን አራግፌ ስመለስ ባዶዋ አህያ ላይ እወጣ ነበር። የአህያ ልማዴ ሁሉ ከእኔ ጋር ፈረስ ላይ ወጥቷል፦

ተረከዜ አያርፍም፤ በየእርምጃው ጎኑን ይደልቃል።
ዛቡን፣ የልጓሙን ገመድ፣ እመነጭቃለሁ።
ወደ ግራ እዘማለሁ፤ አህያዋ ላይ በጎን ነበር የምቀመጠው።
አፌም አይዘጋም።

እውነቱን ነው። የሚያናድደኝም እውነቱን መሆኑ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 11

ጫማዬን አወለቅኩ። እርካቡ ለአውራ ጣት የተሠራ ቀለበት ነው፤ እኔ በላስቲክ ጫማ ላይ ላዩን እረግጠው ነበር። ጣቴ ጠማማ ስለሆነ እየተሳደብኩ አስገባሁት። እግሬ ቦታ ያዘ። ተረከዜ ግን ያው ነው። እኔ ሳላውቀው ይደልቃል፤ ሳላውቀው እንዴት ልተው?

ከሰዓት በኋላ የፍየሏን ቃጭል ፈትቼ ከቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰርኩት። አሁን ተረከዜ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይከሰኛል። ከውስጥ አያ ታከለም ይሰማል። ቃጭሉ በጮኸ ቁጥር እሱም «አህያ» ይላል።

ጎረቤቴ ጥሩዬ አጥሩ ላይ ብቅ አለች። «እትዬ ውብዳር፣ የማን ፍየል ጠፋች ብዬ ነው የወጣሁት።»

«ፍየሏ እኔ ነኝ። ግቢ» አልኳት።

እየሳቀች ሄደች፤ ማታውን መንደሩ ሁሉ ይስቃል። ይሳቁ። ሲመሽ ቃጭሉ ቀነስ ብሎ ነበር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 12

ሚካኤል ነው። ገመድ አላነሳሁም።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለአያ ታከለ ወጥ የምሠራለት እኔ ነኝ። ሽሮውን ሳቀርብለት ጨው አነሰው አለ። ከዚያ ወዲያ አፌን መያዝ አልቻልኩም።

«ለአንተ ፈረስና ዳዊት፣ ለእኔ አህያና ጆንያ። አባታችን እንደዚህ ነው ያካፈለን። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ ነው። አሁንም አንድ ፈረስ ስለምንህ ትፈትነኛለህ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠው።

«አባታችን ከበረቱ ጀርባ እንደምትቆሚ ያውቅ ነበር» አለ። «ለዚያ ነው ገመዱን ሲያስር ቀስ ይል የነበረው።»

እውነቱን ይሁን አፌን ለማስዘጋት የፈጠረው፣ አላወቅኩም። ሳህኑን አንስቼ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 13

ገመዱን ፈታሁ። ወዲያው ወደ ሶምሶማው ተመለሰ። ጠዋቱን ሙሉ ተናጥኩ። ጥርሴ ምላሴን ነከሰው፤ ደም ተፋሁ። ነገ ቅዳሜ ነው። ጋሪው ላይ ታስሮ ታየኝ። አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም።

ቀትር ላይ እንደገና ወጣሁ። አያ ታከለ ከውስጥ «እግሩን እያየሽ ነው» አለ።

«በግድግዳ ውስጥ ታያለህ?»

«ስትሳደቢ ድምፅሽ መሬት መሬት ይላል። ቀና በይ። ዋርካውን እዪ።»

ዋርካውን አየሁ። ሆዴን ለቀቅኩት፣ እጄን አላላሁት። ዳማው ትንሽ ተንገዳገደ። ከዚያ ከሥሬ የሆነ ነገር ተስተካከለ፤ ታንኳ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ተከ ተከ ተከ ተከ። ቃጭሉ ዝም። ከቤቱም ውስጥ ዝም።

ከዋርካው ሳይደርስ ተበላሸ። ግን ሰግሯል። እኔን ተሸክሞ ሰግሯል።

ስመለስ አያ ታከለ ነገ ከነአልጋዬ አውጡኝ አለ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 14

ጌጡ ገና በጠዋት ጋሪውን እየነዳ መጣ፤ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሏል። ጎረቤቶች አያ ታከለን ከነአልጋው ደጅ አወጡት። ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው። ቃጭሉን ከእግሬ ፈትቼ ፈረሱ ላይ ወጣሁ። ጥሩዬ ዋንጫውን እስከ አፉ ሞልታ ሰጠችኝ፤ ጠላቴ እንኳ እንዲህ አይሞላም።

ሄድኩ። ዋርካውን እያየሁ ሄድኩ። ሰገረ። ጠብታ አልፈሰሰም። ዞርኩ። ዳማውም ዞሮ ሰገረ፤ የሰዎቹን ፊት መለየት ጀመርኩ። ያኔ የጌጡ የጋሪ ፈረስ አሽካካ። ዳማው ደነበረ፣ ዘለለ፣ ሶምሶማ ያዘ። ጠላው ቀሚሴ ላይ ተደፋ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ተቀመጥኩ። እንዳለሁ ተቀመጥኩ። ራሱ ወደ ስግሪያው ተመለሰ፤ ደጅ ድረስም እየሰገረ ገባ።

ጌጡ ዋንጫውን አየና «እትዬ፣ ፈሷል እኮ» አለ።

«ፈሷል» አልኩ።

አያ ታከለ ወደ እኔ ብቻ ነበር የሚያየው። «ሲደነብር እግርሽ የት ነበር?»

«እርካቡ ላይ።»

«አልደለቅሽውም?»

«አልደለቅኩትም። ዛቡንም አልሳብኩም።»

ወደ ጌጡ ዞረ። «ገመድህን ሰብስብ። ጠላውን የደፋው ያንተ ፈረስ ነው።»

«አባባ፣ ቃልዎ ሳታፈስ ነበር።»

«ቃሉን የሰጠሁት ለእህቴ ነው። ለጋሪ አይደለም።»

ጌጡ አጉረመረመ፤ የቀረውን ጠላ ጠጥቶ ሄደ። ኮርቻውን ላወርድ ስል አያ ታከለ ተዪው አለኝ። ከፈረሱ ጋር ይሂድ አለ። ምስጋና ከአፌ አልወጣም። ዕድሜ ልኬን ሲቆጠር የነበረ ነገር በአንድ ኮርቻ አይዘጋም። ግን ወደ ቤት ሲያስገቡት ትራሱን አስተካከልኩለት።

አሁን ዳማው በእኔ ግቢ የሩዝ ገለባ ያኝካል። ነገ ቅዳሴ ሲወጣ ወደ ልጄ እሄዳለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ የርብን ወንዝ መሻገርም አለ። እዚያ ከግድግዳ ጀርባ ቀና በይ የሚለኝ የለም። ይሰግር እንደሆነ አላውቅም።