ግድግዳ ሳይበሱ እናትን ስለ መደገፍ

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ
ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለው ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት በእኛ መታጠቢያ ቤት ከደረሰብዎ ነገር በኋላ ሕመሙ ቀለል ብሎልዎት፣ ወንበር ላይም ያለ ትራስ መቀመጥ እንደጀመሩ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። ግድግዳውም ከጎደለችው አንዲት ሴራሚክ በቀር ደህና ነው።

እኔ በሦስተኛው ፎቅ በግራ በኩል ያለውን ቤት ተከራይቼ ከእናቴ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ድምፄን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ እዚህ ሕንፃ ስኖር ከሰላምታ ያለፈ ብዙም ተናግሬ አላውቅም። ይህን ደብዳቤ በዋናው በር ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን በሰው ፊት ለማሳጣት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር ከእኔ ይራቅ። ከዚህ ቀደም ያስገባኋቸውን ማመልከቻዎች ጸሐፊዎ ሁሉንም «ይታያል» እያሉ ስለተቀበሉኝ፣ ይህኛውን የሚታይበት ቦታ ላይ ባደርገው ሥራ ይቀልላቸዋል ብዬ ነው። ተከራዩ ሁሉ እሳቸውን «አቶ ይታያል» ብሎ እንደሚጠራቸው ያውቁ ይሆናል፤ ካላወቁ ከእኔ አልሰሙም።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው ወረቀት ፋይል ውስጥ አይገባም ተብያለሁና።

አንደኛ፤ ስለ ግድግዳው ክብር።

በኪራይ ውላችን ላይ «ግድግዳ የበሳ ተከራይ ቤቱን ይለቃል» የሚለውን አንቀጽ ስላስገቡልን ከልብ አመሰግናለሁ። ይህ አንቀጽ ባይኖር ኖሮ ያለ መሰርሰሪያና ያለ ብሎን ግድግዳ ላይ የሚለጠፉትን የመታጠቢያ ቤት ዕቃዎች ሳላውቅ አረጅ ነበር። ከዚያ በፊት የቤታችን ሳሙና የሚያድረው በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ነበር፤ መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር ወደ ሽንት ቤቱ መቀመጫ ይዘላል። ፎጣው የሚንጠለጠለው በበሩ እጀታ ላይ ስለነበር የሚገባ ሰው ሁሉ የፊቴን ፎጣ ጨብጦ ነው የሚገባው። ሻምፖው መሬት ላይ ነው፤ የጥርስ ብሩሾቹ ደግሞ አንገቱ በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ። ጎረቤቴ ነርሷ አንድ ቀን እጇን ልትታጠብ ገብታ ስትወጣ፣ መታጠቢያ ቤታችሁ ዕቃውን ሁሉ መሬት አውርዶ መኪና የሚጠብቅ መንገደኛ ይመስላል ብላ ሳቀችብኝ። በማግስቱ ግን ከቤቷ የተረፈችውን የምትለጠፍ መደርደሪያ ይዛልኝ መጣች።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምናገረው፤ ዕቃው ደስ ይላል። ሴራሚኩን በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ፣ ከጀርባው ያለችውን ወረቀት ልጦ፣ በመዳፍ ጫን አድርጎ መያዝ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ሳይጭኑበት መታገሥ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ለጥፎ ሳይጨርስ ሻምፖውን ይደረድርበትና ማጣበቂያውን ያማል። አቧራ የለ፣ ጩኸት የለ፣ የሰው መሰርሰሪያ መለመን የለ፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን መደብደቡ የለ። ቤት ሲለቁም በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ካደረጉት እሺ ብሎ ይላቀቃል። ይህ ለተከራይ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ግድግዳው የሰው ነው፣ በሩ የሰው ነው፣ ውሃውም በሚመጣበት ቀን የሰው ነው፤ መደርደሪያዋ ግን የእኔ ናት፣ ስሄድ አብራኝ ትሄዳለች። እናም የሳሙና ማስቀመጫው፣ የፎጣ ማንጠልጠያው፣ የብሩሽ ኩባያው አንድ በአንድ ተከተሉ። ጠዋት ገብቼ ሁሉም በየቦታው ተሰቅሎ ሳየው ባለ ቤት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ወደ ጎረቤትም ተዛመተ። ጎረቤታችን የሾፌሩ ሚስት መታጠቢያ ቤቷን ጨርሳ ማዕድ ቤት ገባች፤ ከዚያም አልፋ የባሏን የቁልፍ ማንጠልጠያ በአልጋው ራስጌ ለጠፈችለት። እሱም አንድ ቀን አርፍጄ ከመጣሁ እኔንም ትለጥፈኛለች እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል።

ይህን ሁሉ ደስታ ያገኘነው በእርስዎ አንቀጽ ነው። እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፤ እናቴ ስለምትባለው ጭነት።

ጉልበቷ ስለከዳት እናቴ ብቻዋን መኖር ትታ ወደ እኔ መጣች። ከመጣች ጥቂት ቆይታ በሽንት ቤቱ መቀመጫና በግድግዳው መካከል ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ጎኗ ግን ጠቁሮ ሰነበተ። በጤና ጣቢያ ያየቻት ባለሙያ ከመቀመጫው አጠገብ በብሎን የታሰረ የብረት መያዣ እንዳስገባላት፣ ካልሆነ የሚቀጥለው ውድቀት የዳሌ አጥንት ይዞ እንደሚሄድ፣ በዚህ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ ደግሞ ሰውን እንደማያስነሣ ነገረችኝ። እኔም ቢሮዎ መጥቼ አራት ቀዳዳ ለመንኩ፤ እያንዳንዷ ከትንሿ ጣቴ የማትሰፋ።

እርስዎም ሳይቆጡ፣ ፈገግ ብለው፣ ዘመኑ የማጣበቂያ ነው አሉኝ። ሦስተኛው ፎቅ በሙሉ በሚለጠፍ ዕቃ እንደተሞላ እንደሰሙ፣ መያዣም የሚለጠፍ እንዳለ፣ ግድግዳ መብሳት ኋላ ቀርነት እንደሆነ አስረዱኝ። ሳሙናን የያዘ እናትንም ይይዛል የሚለውን ሐሳብዎን እኔ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

ታዝዤ ገዛሁ። እጄ የገባችውን ብጣሽ ወረቀት ሁሉ ሳላነብ የመጣል ልማድ ስለሌለኝ፣ በካርቶኑ ጎን በደቃቅ ፊደል የተጻፈውንም አነበብኩት፤ መያዣው ሚዛን ለመጠበቅ ብቻ እንደሆነና የሰው ክብደት እንደማይጫንበት ይላል። ካርቶኑን ይዤ ተመልሼ መጣሁ። እንዲህ ያለውን የሚጽፉት ፈሪዎች ናቸው፣ እኔ ራሴ መጥቼ አሳይሻለሁ አሉኝ። ለጥፌ፣ እንደ ደንቡ አንድ ቀን አሳድሬ ጠበቅሁዎት። እናቴ በጣቷ ነካ አድርጋው፣ ይህ የልጅ መጫወቻ ነው ብላ ፊቷን አዞረች። ያልተማረች ናትና አይፍረዱባት።

ሦስተኛ፤ ስለ ሠርቶ ማሳያው።

ሥራ የሚበዛበት ሰው ሆነው ሳለ ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥተው ስለመጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጸሐፊዎን፣ ዘበኛውንና ሁለት ጎረቤቶቼን አስከትለው ገቡ፤ እናቴ በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ በርጩማዋን ይዛ ተቀምጣለች። ኮትዎን አውልቀው ለጸሐፊዎ ሰጡ። መያዣውን በሁለት እጅዎ ጨብጠው ወደ ኋላ ደገፍ አሉ፤ ያዘ። ዞረው አዩን። እዚህ ላይ ቢያበቁ ኖሮ ዛሬ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር። ነገር ግን የሾፌሩ ሚስት አጨበጨበች፤ በቅንነት ይሁን በተንኮል እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እርስዎም ጭብጨባው ስላሞቀዎት ሁለቱንም እግርዎን ከመሬት አነሡ።

እውነቱን ለመናገር መያዣው አልከዳዎትም። ማጣበቂያውም እስከ መጨረሻው ታምኗል። ቃሉን ያጠፈው ሴራሚኩ ነው። እርስዎ መያዣውን፣ መያዣው ሴራሚኩን እንደያዛችሁ፣ ሳትለቃቀቁ፣ አንድ ላይ ወረዳችሁ። ልብስ የዘፈዘፍኩበት ባልዲ ከሥርዎ ባይኖር ኖሮ ጉዳቱ በባሰ ነበር፤ በአረፋው ውስጥ የተቀመጡት ሰፊ ሰው እንደ መሆንዎ ሁለት ጎረቤቶቼና ዘበኛው ተጋግዘው ነው ያወጡዎት። ጸሐፊዎ ኮትዎን ታቅፈው እንደቆሙ ቀሩ፤ የሚታይ ነገር ሁሉ ታይቶ ስላለቀ የሚሉት ጠፍቷቸው ይመስለኛል።

ሰው ሁሉ ፊቱን አዙሮ ሲስቅ እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ከበርጩማዋ ሆና «አይዞህ ልጄ» አለችዎት፤ «እኔም የመጀመሪያው ጊዜ እንዲሁ ነበር የወደቅሁት።» ሽሙጥ የመሰለዎት ከሆነ ተሳስተዋል። እናቴ ሽሙጥ አታውቅም፤ ያንን እኔ ነኝ ከየትም የለቃቀምኩት።

አራተኛ፤ ስለ ማስጠንቀቂያው።

ከሁለት ቀን በኋላ በእናቴ ስም የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት ማስጠንቀቂያ በበራችን ሥር ገባ። ከአቅም በላይ ክብደት በመጫን በግድግዳ ላይ ጉዳት ማድረስዋን ይገልጻል። ክብደቱ የማን እንደነበር ግን አይገልጽም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብላት አዳመጠችና፣ ሰውየው ወገቡን ታሸ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄውን በደብዳቤዬ መጀመሪያ ላይ ያቀረብኩት በእሷ ስም ጭምር ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ግድግዳዎ ያለበትን ሁኔታ ላሳውቅዎት፤ አስተዳዳሪ የሕንፃውን ገመና ከባዕድ ባይሰማ ይሻላል። ያስጠራሁት የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ መረመረው። ከወደቀችው ሴራሚክ ጀርባ ሲሚንቶ የነካው አራቱን ማዕዘን ብቻ ነው፤ መሐሉ ባዶ ነው። የቀሩትም ሲንኳኩ እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻሉ። ሠራተኛው እንዳለው እነዚህ ሴራሚኮች የቆሙት በልማድ ነው። ከኋላቸው ያለው ጡብ ግን ጤነኛ ነው፤ ረጅም ብሎን ቢገባበት በሬ ቢያስሩበት አይነቃነቅም። እርስዎ ከመሰርሰሪያ ሲጠብቁ የኖሩት እንግዲህ ያን ላይ ላዩን ነው። ማንም ሳይበሳው ራሱ ሊወርድ የተዘጋጀ ግድግዳ ይህን ያህል ዘብ ሲቆምለት ማየት ልብ ይነካል።

አምስተኛው ቅሬታዬ አጭር ነው።

እናቴ ውሃ መጠጣት ትታለች።

ቀን ቀን እኔ ስፌት ቤት ነኝ። ብቻዋን ወደዚያ ክፍል መግባት ስለምትፈራ፣ እንዳትገባ አትጠጣም። ሞልቼላት የሄድኩትን ማሰሮ ማታ ስመለስ እንደሞላ አገኘዋለሁ። ስጠይቃት አልጠማኝም ትላለች። ነርሷ የእጇን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ ቆዳው ወደ ቦታው ሳይመለስ ቆየ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ማታ በብብቷ ደግፌ አጥባታለሁ፤ እጥፍጥፍ ብላ፣ አንቺን አስቸገርኩሽ እያለች ይቅርታ ትለኛለች። ማጠቡ አይከብደኝም፤ እኔን ያጠበች እናት ናት። የሚከብደኝ ይቅርታዋ ነው።

በዚህ ቁጥር ሥር የሚጨመር ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ፈቃድ በመለመን ጊዜዎን አላባክንም። የቧንቧ ሠራተኛውን ጠርቻለሁ፤ የብረት መያዣውም ተገዝቷል። ውሉ ግድግዳ የበሳ ይለቃል እንደሚል አውቃለሁ፤ ከአንድም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ልቀቂ ካሉኝ መደርደሪያዬን፣ የሳሙና ማስቀመጫዬንና ማንጠልጠያዬን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ሞቅ አድርጌ፣ ግድግዳዎን አንዲት ጭረት ሳላሳይ አንሥቼ፣ እናቴን ይዤ እሄዳለሁ። የብረቱ መያዣ ግን ይቀራል። ከእኛ በኋላ የሚገባው ሰውም እናት አይጠፋውም፤ እናት ባይኖረው ራሱ ማርጀቱ አይቀርም። እርስዎም ቢሆኑ።

ለወገብዎ ምሕረትን፣ ለጸሐፊዎ የሚያዩበት ብርሃንን፣ ለሴራሚኮችዎ በቆሙበት መጽናትን እየተመኘሁ፣ እስከ ዛሬ ድምፅዋን ሳያሰማ የኖረች፣ ወደፊትም ከዛሬ ጠዋት በቀር ላለማሰማት የምትጥር ታዛዥ ተከራይዎ፣

የሦስተኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለእናቴ (በቃል ተነብቦላታል፤ «ጨከንሽበት» ብላለች)
ለዘበኛው (ከባልዲው ስላወጣ፣ ለምስጋና)

ፊርማዬን ካኖርኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ይህን መስመር የምጽፈው እዚሁ ሰሌዳው ሥር ቆሜ ነው። አሁን ሲያነቡ ከላይ የሚሰማዎት ጩኸት የውሃ መግፊያው ሞተር አይደለም፤ እሱ ከተበላሸ ቆይቷል። መሰርሰሪያው ነው። ሊያስቆሙን ፈልገው ከወጡ እንግዳችን ነዎት፤ ግን ቀስ ብለው ይውጡ፤ የደረጃውንም የእጅ መደገፊያ አደራዎን አይደገፉት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተነቅሎ የነበረውን ጸሐፊዎ በማጣበቂያ ነው ያስጠገኑት።